ክርስትና ካነሣሁ በኋላ

ደብረ ማርቆስ፣ ሞባይል በምጠግንበት ሱቅ ተቀምጬ ሳለ አብሮ አደጌ ከቢቸና ደወለ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። «ክርስትና የምታነሣልኝ አንተ ነህ፤ አበ ልጅ እንሁን» አለኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ያኔ የክርስትና አባት ማለት ለእኔ ነጭ ልብስ ገዝቶ፣ ድግሱ ላይ ከቄሶቹ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

አርባው ቀን ሳይደርስ የአጥቢያውን ቄስ ላነጋግር ሄድኩ። መምሬ መስቀል አሳልመው ገና ሳልቀመጥ «ስመ ክርስትናህ ማነው?» አሉኝ። ጠፋኝ። ወጣ ብዬ ለእናቴ ደወልኩ። «ኃይለ ጊዮርጊስ ነሃ! የራስህን ስም ሳታውቅ ነው የሰው ልጅ ክርስትና የምታነሣው?» ስትል ድምጿ ከስልኩ አልፎ ግቢውን ሞላው። (የጠጋኝ ስልክ መቼም አይጠገንም፣ ድምፁ አልቀንስ ካለ ቆይቷል።) መምሬ ሳቁ። «የንስሐ አባትስ አለህ?» ሲሉኝና የለኝም ስላቸው ግን አልሳቁም።

ንስሐ ገባሁ። በጥምቀቱ ላይ የምለውን የእምነት መግለጫ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን፣ በወረቀት ገልብጬ ከካውያው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ስክሪን እየቀየርኩ «ነአምን በአሐዱ አምላክ» እላለሁ፤ ደንበኛ ሲገባ አቋርጣለሁ። ምክሬን ከተጠየቅኩ፣ እንዲህ ማጥናት ጥሩ አይደለም። መጀመሪያውን አብጠርጥሬ ያዝኩት፣ መጨረሻው ግን ሁልጊዜ በደንበኛ ተበላ።

ከቅዳሴ በፊት ስለሚጠመቅ፣ ከዚያም ስለሚቆርብ፣ ገና ሳይነጋ ደረስን። የጮቄ ውርጭ ጋቢ አልፎ ይገባል። ሕፃኑን ታቀፍኩት። መጀመሪያ ፊታችንን ወደ ምዕራብ አዞሩን፤ ስለ እሱ ሆኜ «እክህደከ ሰይጣን»፣ ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ፣ አልኩ። አፉ የእኔ፣ ቃሉ የእሱ። ልጁ ትንሿን ጣቴን ጨብጦ አልለቅ አለኝ። ወደ ምሥራቅ ዞረን ጸሎተ ሃይማኖት ስጀምር ጥሩ ሄድኩ፤ «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» የምትለዋ ቦታ ስደርስ ተሰወረችብኝ። ዲያቆኑ ቀስ ብሎ በጆሮዬ አቀበለኝ።

ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ነከሩት፤ ጩኸቱ ቅጽሩን አለፈ። ሜሮኑን፣ ቅዱሱን ቅባት፣ ሠላሳ ስድስት ቦታ ሲቀቡት ልቆጥር ሞክሬ ሃያ ላይ ተምታታብኝ። ማተቡ ታሰረለት፣ ቆረበ፣ ተኛ። ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን የምትጠመቀው አዳምና ሔዋን ገነት ከገቡባቸው ቀናት ጋር በተያያዘ መሆኑን የሰማሁት ከድግሱ ላይ ነው፤ መምሬ ጠላቸውን ይዘው ሲያጫውቱን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዘለው እመርጥ ነበር። ስድስት ዓመት ለፋሲካ ልብስ ላኩ፣ ለጥምቀት ልብስ ላኩ፤ በቃ። አበ ልጄ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም፣ እሱ ነው የከፋኝ።

ባለፈው ክረምት ስሄድ ልጁ አንገቱን በእጁ ሸፍኖ ተቀበለኝ። ጥጃ ሲያግድ ማተቡ ቁጥቋጦ ይዞት ተበጥሷል፤ እናቱ ለጊዜው በልብስ ስፌት ክር አስራለታለች። ዕቃዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «አባብዬ፣ ማተቤ ሲበጠስ ክርስትናዬ ወጣ?» አለኝ።

ምን ልበለው? «አይወጣም» አልኩት። «ለምን?» አለ። ለምን የሚለውን አልተማርኩም። እጁን ይዤ መምሬ ዘንድ ወሰድኩት። እሳቸው ልጁን ሳይሆን እኔን እያዩ፣ «ያቺ ያመለጠችህ ቃል ትመልስለታለች። ‹በአሐቲ ጥምቀት› ማለት አንዲት ናት፣ አትደገምም ማለት ነው። በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ 150 አባቶች የጨመሩት ነው። ማተቡ ምልክቷ ነው፣ ቢበጠስ ሌላ ይታሰራል» አሉ። ደግሞም «ጥር 11 ጸበል ሲረጩትም ሁለተኛ አይጠመቅም» አሉትና ልጁ ነገሩ ገባው። እኔም ያን ቀን ነው የገባኝ። ዲያቆኑ በጆሮዬ ያቀበለኝን ቃል ስድስት ዓመት ሙሉ መልሼ አላየሁትም ነበር።

አሁን ዓርብ ማታ ማታ እንደዋወላለን። እኔ ከሱቅ፣ እሱ ከአባቱ ስልክ፣ አቡነ ዘበሰማያት እንላለን። መስከረም ላይ የአብነት ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ከየኔታ ጀምሯል። እኔም ከንስሐ አባቴ ጋር ጸሎተ ሃይማኖቱን አንድ አንድ ቃል እያነሣን እንሄዳለን፤ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ሳምንት የቆየንበት ጊዜ አለ። ረቡዕና ዓርብ መጾም ከብዶኝ ነበር፣ ዋናው ችግሬ ግን ቡና ላይ ከሱቅ ጎረቤቶቼ ጋር የማነሣው ሐሜት ሆነ። እሱን ገና አልተውኩም።

ባለፈው ዓርብ ቸኩዬ «ለዘአበሰነ» ብዬ አለፍኩ። ከወዲያ ማዶ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀጭን ድምፁ፣ «አባብዬ፣ ‹ለዘአበሰ ለነ› ነው። የኔታ እንዲህ አይደለም ያሉት። ከ‹ኅድግ ለነ› ጀምር» አለኝ።

ጀመርኩ።