ኪሱስ የት ነው? ኤድንብራ ላይ ኪልት ስንለካ

ሙሽራው አብሮ አደጌ ነው። ሙሽሪት የስኮትላንድ ዋና ከተማ የኤድንብራ ልጅ ናት። ሚዜዎቹ ሁላችንም ኪልት፣ ማለትም የስኮትላንድ ወንዶች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁትን ባለ ሽንሽን ልብስ፣ እንድንለብስ የተወሰነው በቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ነው። ከእኛ መሀል የተቃወመ የለም። ተቃውሞው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። የሙሽራው እናት የተላከላቸውን ፎቶ አይተው ወዲያው ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ የሰው ልጆችን ጉርድ ቀሚስ ልታለብስ ነው?» «እማዬ፣ እዚህ አገር የክብር ልብስ ነው እኮ» አላቸው። «ይሁና። ግን ከሥሩ ሱሪ ይልበሱ» አሉና ስለ አዳራሹ መጠየቅ ጀመሩ።

እኔ ሰበብ አገኘሁ። የጨርቅ ነገር ይስበኛል። የትም አገር ብሄድ ሙዚየም ከመግባቴ በፊት ልብስ ሰፊ ቤት እገባለሁ። ከሠርጉ ቀደም ብዬ ከለንደን ባቡር ያዝኩ። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ኒውካስልን ካለፉ በኋላ በቀኝ በኩል ባሕሩ ብቅ ጥልቅ ይላል።

ኤድንብራ የደረሰ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ሮያል ማይል ነው። ከግንቡ እስከ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ቁልቁል የሚወርድ የድንጋይ መንገድ ነው። ባግፓይፕ የሚነፋ አይጠፋበትም። ሱቆቹ ከላይ እስከ ታች ታርታን ናቸው፤ ኪልት የሚሰፋበት፣ ባለ ቀለም መስመር የተጠላለፈበት ጨርቅ ነው። ሻርፕ፣ ኮፍያ፣ የውሻ ልብስ ሳይቀር። ኪልት በሠላሳና አርባ ፓውንድ ይሸጣል። አንዱን አንስቼ በእጄ መዘንኩት። ምንም አይከብድም። አክሪሊክ፣ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ሽንሽኑን በማሽን ደፍጥጠውታል፤ ሲጎትቱት ይከፈትና እንደተከፈተ ይቀራል። ለፎቶ ይበቃል። ለሠርግ አይሆንም።

ከሚዜዎቹ ጋር የሄድንበት ኪልት አከራይ ቤት ከዋናው ጎዳና ገባ ያለ ነው። ከፊት ያከራያሉ፣ ከኋላ ይሰፋሉ። የተቀበሉን ሴትዮ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ኪልት ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። ወገቤን ሊለኩ ሲመጡ ሱሪዬን የምታጠቅበትን ቦታ አሳየኋቸው። እጄን ገፋ አድርገው ሜትሩን እምብርቴ ላይ አዞሩት። ኪልት የሚታጠቁት ከፍ አድርገው ነው። ከዚያ ተንበርከክ አሉኝ። ተንበረከክሁ። የጨርቁ ጫፍ ወለሉን ነካ ሲያደርግ ልኩ ያ ነው፤ ሲቆሙ ጉልበት መሀል ላይ ይውላል።

«ኪሱስ የት ነው?» አለ ከሚዜዎቹ አንዱ።

ሴትዮዋ ከፊት የሚንጠለጠለውን የቆዳ ቦርሳ አንስተው አሳዩት። ስፖራን ይባላል። ባህላዊው ኪልት ኪስ የለውም፤ ኪሱ ይኸው ቦርሳ ነው። የዛሬ ስልክ ግን ሁሉም ስፖራን ውስጥ አይገባም። ቢገባም ስልክ፣ ቁልፍና ዋሌት አንድ ላይ ፊት ለፊት ተንጠልጥለው ሲራመዱ... ያው ገብቷችኋል። ኪልትን ዘመናዊ እናድርገው የሚለው ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከዚችው ጥያቄ ነው። ሴትዮዋ በቀን ስንቴ እንደሚሰሟት እንጃ፤ ምንም ሳይሉ ሦስት ኪልት አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

የመጀመሪያው ባህላዊው ነው። 8 ያርድ ንጹሕ ሱፍ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ ጨርቅ፣ አንድ ሰው ወገብ ላይ። ገልብጠው ውስጡን አሳዩን። የእጅ ስፌት ነው፤ ጥቃቅንና ጥብቅ። ከሁሉ የገረመኝ ታችኛው ጠርዝ ነው። አልተቀመቀመም። ጨርቁ ከሽመና ሲወጣ የነበረው ዳር ራሱ ነው የኪልቱ ታች። ተቀምቅሞ ቢሆን ጠርዙ ይወፍርና ሽንሽኑ እንደልቡ አይወዛወዝም ነበር። እጥፋቱም በዘፈቀደ አይደለም። እያንዳንዱ ሽንሽን የታርታኑን መስመር ጠብቆ ስለታጠፈ፣ ከኋላ ሲያዩት ጨርቁ ጭራሽ ያልታጠፈ ይመስላል። ኪልት የሚለብሱ የስኮትላንድ ወታደሮች ዘንድ ሌላ አሠራር አለ። በእያንዳንዱ እጥፋት መሀል አንድ ዓይነት መስመር ብቻ ይወጣል። ሰውየው ቆሞ ሳለ ከኋላው የሚታየው ቀጥ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ሲራመድ ግን እጥፋቱ ውስጥ የተሸሸገው ቀለም ብልጭ ይላል።

ሁለተኛው ጥቁር ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ነው። ታርታን የለበትም። በሁለቱም ጎን ትልልቅ ኪስ ተለጥፎበታል። በዚህ ዓይነቱ ላይ የአሜሪካኖች እጅ አለበት፤ በ2000 ሲያትል ውስጥ የተነሳው ዩቲሊኪልትስ የሚባል ድርጅት የሥራ ሱሪን ኪስ ወደ ኪልት አመጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) የጎን ዘለበት የለውም፤ ተጭኖ በሚዘጋ ቁልፍ ይያያዛል። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል። ለአናጢ፣ መድረክ ለሚሠራ ሰው ግሩም ነው። ለበስኩትና ስልኬን ጎኑ ላይ ከተትኩ። ዞር ስል ኪሱ ወደ ታች ጎተተው። በዚያ በኩል ያለው ሽንሽን ጭራሽ አልከፈት አለ።

ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆየሁ። ግራጫ ትዊድ፣ ሸካራ የሱፍ ጨርቅ ነው። ከኋላ ልክ እንደ መጀመሪያው በእጅ ተሸንሽኗል። ወገቡ ግን ዝቅ ብሎ ዳሌ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ተራ ቀበቶ ማስገቢያም አለው። ኪልት ከፊት ሁለት ድርብ ሽፋን አለው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚተኛ። ልብስ ሰፊው ኪሱን ከላይኛው ሽፋን ሥር ደብቆ ሰፍቶታል። ከውጭ አይታይም። እጅ ከጎን ሾልኮ ይገባል። ስልኩ ጭን ላይ ልጥፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ከኋላ ያለውን ነገር አይነካም።

እዚያው ቆሜ አቋም ያዝኩ። ኪልት ማለት ጀርባው ነው። ሽንሽኑን ካልነኩት፣ የቀረውን እንደፈለጉ ያድርጉት። ጂንስም ይሁን፣ ቆዳም ይሁን፣ ዚፕም ይግባበት። ሽንሽኑን ያሰረ ኪስ ግን የፈለገውን ያህል ቢመች ልብሱን ወደ ተራ ጉርድ ቀሚስነት ያወርደዋል። እዚህ ከተማ መንገዱን የጠረገው ሃዊ ኒኮልስቢ ነው ይላሉ። ከኪልት ሰፊ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። በ1996 የራሱን ቤት ከፍቶ በጂንስ፣ በቆዳና በሙሉ ልብስ ጨርቅ ኪልት መስፋት ጀመረ። ኤድንብራ ውስጥ በሥራ ቀን፣ በተራ ጃኬትና በቦት ጫማ፣ ያለ ስፖራን ኪልት የለበሰ ወንድ ቢያጋጥማችሁ አትገረሙ።

ማታ ቢራ ቤት ይህንኑ ሳወራ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኪልት ወይ እንደ አባቶች ነው ወይ አይለበስም ባይ ናቸው። አልተከራከርኳቸውም፤ በሰው አገር ቢራ እየጠጡ ስለ ባህላቸው መከራከር ደግ አይደለም። ነገር ግን የትኞቹ አባቶች? የደጋው ስኮትላንዳዊ የቀድሞ ልብሱ አንድ ትልቅ ጨርቅ ነበር። ወገቡ ላይ ሸብሽቦ በቀበቶ ያስረዋል፣ የተረፈውን ትከሻው ላይ ይጥላል፣ ማታ ፈትቶ ይተኛበታል። ልክ እንደ ጋቢያችን። ከወገብ በላይ ያለው ተቆርጦ የዛሬው አጭር ኪልት የተለመደው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ቶማስ ሮውሊንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ብረት አቅላጭ በ1720ዎቹ ለሠራተኞቹ እንዲመች ብሎ አስቆረጠው የሚል ታሪክ አለ። ስኮትላንዳውያን ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል፣ ታሪክ አዋቂዎችም ይከራከሩበታል። ማንም ይቁረጠው፣ የተቆረጠው ለሥራ እንዲመች ነው። የጎን ኪስ ከሚያስለጥፈው አናጢ ምክንያት ብዙም አይርቅም።

ከዚያ ደግሞ ተከለከለ። የደጋው ዓመፀኞች በመንግሥት ጦር ከተሸነፉበት ከኩሎደን ጦርነት በኋላ በ1746 በወጣው ሕግ የደጋውን ልብስ የለበሰ ወንድ ስድስት ወር ይታሰራል፣ ከደገመ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ለመንግሥት ወታደሮች ብቻ ተፈቀደ። ሕጉ እስኪሻር 1782 ደረሰ። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ደራሲው ዋልተር ስኮት ከተማውን በሙሉ ታርታን አስለበሰው። አብዛኞቹ ቆለኞች ናቸው፣ አያቶቻቸው ኪልት ለብሰው አያውቁም። ንጉሡም ለበሰ። ከሥሩ ግን ሮዝ ቀለም ያለው ጥብቅ ሱሪ አጥልቆ ነበር። ይህን ለሙሽራው እናት በድምፅ መልእክት ላክሁላቸው። «አላልኳችሁም!» የሚል መልስ መጣ።

በማግሥቱ በፕሪንሰስ ስትሪት ስናልፍ ምዕራብ ጫፉ ላይ ያለው ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆምን። ከመቅደላ ተዘርፎ የወጣ አንድ ታቦት የተገኘው እዚህ ነው፤ በ2002 ለአገሩ ተመለሰ። ከኪልት ጋር አይገናኝም። ሐበሻ ሆኖ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ጨርቁ ሲሸመን ለማየት ወደ ደቡብ ወረድኩ። ከዌቨርሊ ጣቢያ ባቡር ይዞ እስከ ጋላሺልስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሴልከርክ። ትንሽ ከተማ ናት፣ ታርታን በመሸመን የታወቀው የሎክካሮን ፋብሪካ ያለው እዚህ ነው። ገበያዋ መሀል የዋልተር ስኮት ሐውልት ቆሟል። ለብዙ ዓመታት የአካባቢው ዳኛ ነበር።

ፋብሪካ ውስጥ ጩኸቱ ያደነቁራል። የሽመና ማሽኑ አጠገብ ዝቅ ብዬ አየሁት። ምስጢሩ ቀላል ነው። ድሩ ላይ ያለው የቀለም ተራ ማጉ ላይም ይደገማል። ቀይ ከቀይ ሲገናኝ ድፍን ቀይ ይሆናል። ቀይ ከአረንጓዴ ሲገናኝ ከርቀት ሌላ፣ ሦስተኛ ቀለም ይወጣል። ማጉ ከሁለት ክር በላይ፣ ከሁለት ክር በታች እያለ በየተራው አንድ ክር ስለሚዘል ቀለሞቹ የሚደባለቁበት ቦታ ላይ ሰያፍ መስመር ይታያል። ሁለትና ሦስት ቀለም ብቻ ይዞ ያን ሁሉ ዥንጉርጉር ማውጣት የሚቻለው በዚህ ነው።

ቀለሙ ላይም የአሮጌና የአዲስ ጨዋታ አለ። ደማቁ፣ ጠቆር ያለው ታርታን በ19ኛው መቶ ዘመን ከኬሚካል ማቅለሚያ ጋር የመጣ ነው። ፈዘዝ ብሎ የጥንት የሚመስለው ደግሞ ከእሱ በኋላ ነው የተፈጠረው፤ የዕፅዋት ቀለም የናፈቃቸው ገዢዎች ሲበዙ፣ በዚያው በኬሚካል አፈዘዙት። ስለዚህ «ጥንታዊ» የተባለው ጥቅል ከ«ዘመናዊው» ያንሳል በዕድሜ። ሎክካሮን ሁለቱንም ይሸምናል። በ1993 እንግሊዛዊቷ የፋሽን ዲዛይነር ቪቪየን ዌስትዉድ ለፋሽን ትርኢቷ ማክአንድሪያስ የሚል አዲስ ታርታን ያሠራችውም በዚሁ ድርጅት ነው፤ በባሏ ስም።

አዲስ ታርታን ማውጣት ለማንም ክፍት ነው። ከ2009 ጀምሮ ኤድንብራ ውስጥ የመንግሥት የታርታን መዝገብ አለ። ንድፉ አዲስ ከሆነ ይመዘገባል። የእኛ ሙሽሮችም አረንጓዴ ቢጫ ቀይ እናስመዝግብ ብለው ነበር። ሦስቱ ደማቅ ቀለሞች ሲጠላለፉ ምን እንደሚመስሉ በኮምፒውተር አይተው ተዉት። ጥሩ አደረጉ።

ሠርጉ ላይ አብዛኞቻችን ባህላዊውን ለበስን። አንዱ ሚዜ ግን ባለ ጎን ኪሱን ካልሆነ አለ። ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ የቀለበቱን ሳጥን ሳይቀር እሱ ኪስ ውስጥ ከተትን። ቀኑን ሙሉ የሁላችንም ግምጃ ቤት ሆኖ ዋለ። ከራት በኋላ የስኮትላንዶቹ ጭፈራ መጣ። እጅ ለእጅ ተያይዞ መሽከርከር ነው። የሙሽሪት አጎቶች ሲዞሩ ሽንሽኑ እኩል ተከፍቶ እኩል ይዘጋል፣ ከባድ ሱፍ ስለሆነ ከሚገባው በላይ አይነሳም። የእኛ ልጅ ሲዞር ፓወር ባንኩ በአንድ ወገን፣ ኪልቱ በሌላ ወገን። ኪሱን ባዶ አድርጎ ተመለሰ። ከዚያ ዘፈኑ ወደ ጎጃም ዞረ። እስክስታ ትከሻ ነው፣ ኪልት ወገብ ነው፣ ብዙም አልተጣሉም። የሙሽራው እናት ነጠላቸውን አደግድገው ከሙሽሪት አባት ጋር ወረዱበት። ሲመለሱ የሰውየውን ኪልት ጠርዝ ያዝ አድርገው አገላብጠው አዩት። «ስፌቱ የጨዋ ነው» አሉ።

የተከራየነውን ስንመልስ እኔ ትዊዱን አዘዝኩ። ዋጋው ከ500 ፓውንድ በላይ ነው፤ ለባለቤቴ በምን ዘዴ እንደምነግራት ገና አላሰብኩም። ኪስ አንድ ብቻ፣ በቀኝ በኩል፣ ከላይኛው ሽፋን ሥር። ሴትዮዋ ስልኬን ተቀብለው ጨርቁ ላይ አስተኙና በኖራ ዙሪያውን አሰመሩ። «በሚመጣው ዓመት ትልቅ ስልክ እንዳትገዛ» አሉኝ። ሁለት ወር ጠብቅ ተብያለሁ።