ሥጋ ብቻ ሙሉ ምግብ አይደለም፦ ለውሻዬ ምግብ የመረጥኩበት መንገድ

ቦቢን ያገኘነው ከጎረቤት ነው። ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ ጎረቤታችን ወደ ውጭ ሲሄድ ገና ቡችላ ሳለ ለእኛ ተወልን። ሰውየው ውሻ ወዳድ ስለነበር በየቀኑ ከልኳንዳ ቤት ጥሩ ቀይ ሥጋ ያስመጣለት ነበር፤ ሌላ ነገር አላስለመደውም። ቡችላው ግን የፊት እግሮቹ እንደ ቀስት ጎብጠው፣ ደረጃ መውጣት እየፈራ፣ ወገቡን ሲነኩት እየጮኸ ነው የመጣው። አልከሳም፤ ፀጉሩም ደህና ነበር። ወድቆ ተሰብሮ ይሆናል ብለን ሐኪም ጋ ወሰድነው።

የእንስሳት ሐኪሟ ራጅ ካነሳችው በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን እየበላ ነው ያደገው?» ብላ ነው። ሥጋ ብቻ ስላት ራሷን ነቀነቀችና ፊልሙን ወደ መብራቱ አዙራ አሳየችኝ። አጥንቱ ከዙሪያው ሥጋ ተለይቶ እንኳን በደንብ አይታይም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም እምብዛም የለውም፤ ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ይበልጠዋል። ጉበት ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይብሳል። ለቡችላ የሚስማማው ደግሞ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ጋር እኩል ወይም በለጥ ያለ ምግብ ነው። ደሙ ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ አንገቱ ላይ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ሆርሞን እየለቀቁ ከገዛ አጥንቱ ይስባሉ። አጥንቱ ይሳሳል፣ ይጎብጣል፣ ሳይመታም ሊሰበር ይችላል። ደግነቱ ቡችላው ገና እያደገ ከሆነና ምግቡ ቶሎ ከተስተካከለ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ቦቢም ድኗል፤ ግራ እግሩ ላይ ትንሽ ጉብጠት ቢቀርም ይሮጣል።

ይህን የምጽፈው እኛ አገር ለውሻ ከሥጋና ከአጥንት የተሻለ ነገር የለም የሚለው እምነት በጣም ሥር የሰደደ ስለሆነ ነው። እናቴ የደረቅ የውሻ ምግብ ከረጢት ይዤ ስገባ «ውሻ ከመቼ ወዲህ ነው ቀለብ የሚመረጥለት? አጥንቱን ስጪው፣ እሱ ያውቅበታል» ነበር ያለችኝ። እኔ ግን ራጁን አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የምፈልገው ሥጋ የበዛበት ምግብ ሳይሆን የተሟላ ምግብ ሆነ።

የደረቅ ምግብ ከረጢት ፊት ለፊቱ ላይ የተጠበሰ ዶሮ፣ ካሮትና ተኩላ ተስሎበታል። ያንን ትቼ በቀጥታ ወደ ጀርባው ማዞር ለመድኩ። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ «ኮምፕሊት» ወይም «ኮምፕሊመንተሪ» የሚል ቃል የግድ ይጻፍበታል። የመጀመሪያው ለብቻው በቂ ነው ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከሌላ ምግብ ጋር የሚሰጥ ማሟያ ነው፤ እሱን ብቻ እየበላ የሚያድግ ውሻ ይጎዳል። የአሜሪካ ከሆነ የአገሪቱ የመኖ ቁጥጥር ኃላፊዎች ማኅበር፣ «አፍኮ» የሚባለው፣ ባወጣው መለኪያ መሠረት የተሟላና የተመጣጠነ መሆኑን፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነም ይገልጻል። በዚህ መለኪያ ውሃው ተቀንሶ ሲሰላ ፕሮቲኑ ለአዋቂ ውሻ ቢያንስ 18 በመቶ፣ ለቡችላ 22.5 በመቶ መሆን አለበት።

እንደ ቦቢ ላለ ትልቅ ዝርያ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሲያድግ 32 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ የሚሆን ቡችላ ካልሲየም ሲያንሰው ብቻ ሳይሆን ሲበዛበትም አጥንቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ በአፍኮ መለኪያ ለእነዚህ የካልሲየሙ ጣሪያ፣ ውሃው ተቀንሶ ሲሰላ፣ ከምግቡ 1.8 በመቶ ነው። ከረጢቱ ለትልልቅ ዝርያ ቡችላዎችም እንደሚሆን በግልጽ የሚናገረውን መረጥኩ። ሐኪሟም የተሟላ ምግብ ላይ የካልሲየም ክኒን ወይም የአጥንት ዱቄት እንዳልጨምር አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ።

የይዘት ዝርዝሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቅደም ተከተሉ የሚወጣው ከመብሰሉ በፊት ባለው ክብደት ነው። ጥሬ ዶሮ 70 በመቶ ገደማው ውሃ ስለሆነ አንደኛ ተራ ላይ ቢጻፍም ውሃው ሲተን ቀጥሎ ከተጻፈው በቆሎና ሩዝ ሊያንስ ይችላል። ደርቆ የተፈጨ የዶሮ ሥጋ ግን ውሃው አስቀድሞ የወጣለት ስለሆነ፣ ስሙ ባያምርም ፕሮቲኑ ብዙ ነው። የቆርቆሮ ምግብም እንደዚሁ ያሳስታል፦ 10 በመቶ ፕሮቲን የሚለው ቆርቆሮ 78 በመቶው ውሃ ከሆነ፣ ውሃው ሲቀነስ ፕሮቲኑ 45 በመቶ ይደርሳል።

«ከእህል ነፃ» የሚል ከረጢት በውድ ዋጋ ሲቀርብልኝ አልወሰድኩትም። ውሻ ከሰው ጋር በኖረበት ዘመን እህል ውስጥ ያለውን ስታርች መፍጨት ለምዷል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ከተኩላ የሚለይበት አንዱ ነገር ይህ መሆኑን አሳይቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ከ2018 ጀምሮ ብዙዎቹ ከእህል ነፃ የሆኑና አተርና ምስር የበዛባቸው ምግቦች ከውሾች የልብ ጡንቻ ሕመም ጋር ግንኙነት ይኖራቸው እንደሆነ መርምሯል። ምክንያትና ውጤት መሆናቸው አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም ለማያስፈልግ ነገር ተጨማሪ ብር የምከፍልበት ምክንያት አልታየኝም።

ዋጋው እውነትም ከባድ ነው። ስለዚህ በኪሎ ሳይሆን በቀን ማስላት ጀመርኩ። ዛሬ ቦቢ 30 ኪሎ ነው፤ የዚህ ክብደት አዋቂ ውሻ በቀን 1,400 ኪሎካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። በኪሎ 4,000 ኪሎካሎሪ ካለው ምግብ 350 ግራም ይበቃዋል፤ 3,200 ካለው ግን 440 ግራም ይፈልጋል። የመጀመሪያው 15 ኪሎ ከረጢት 43 ቀን ሲቆይ ሁለተኛው በ34 ቀን ያልቃል። ርካሽ መስሎኝ የነበረው ምግብ ሲሰላ ብዙም የማይርቅ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ስሌቱ መነሻ ብቻ ነው፤ የጎን አጥንቱን እዳብሳለሁ፤ ሳልጫን በእጄ የሚታወቀኝ ከሆነ ልኩ ነው፤ ካልተሰማኝ እቀንሳለሁ፤ ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ እጨምራለሁ።

አንዳንድ ሱቅ ትልቁን ከረጢት ከፍቶ በፌስታል በኪሎ ይሸጣል። አልገዛም። የሚያበቃበት ቀን የለው፣ የምርት ቁጥር የለው፣ ለቡችላ ይሁን ለአዋቂ አይታወቅ። ቅባቱም አየር ሲነካው ይበላሻል፤ የቆየ ዘይት የሚሸት ምግብ ከሆነ አይሰጠውም። እቤት ከራሱ ከረጢት ሳላወጣ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ በክረምት በተለይ ሻጋታ እንዳይነካው። አዲስ ምግብ ስጀምርም ከአሮጌው ጋር እየቀላቀልኩ፣ በሳምንት ከዚያም በለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው የምቀይረው፤ ያለበለዚያ ያስቀምጠዋል።

ከከረጢቱ ይልቅ ያደከመኝ የቤቱ ልማድ ነው። ወጥ የነካው ፍርፋሪ ቀረ፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ከክብደቱ ግማሽ በመቶ የሚሆን ሽንኩርት ሊመርዘው ይችላል፤ በጥቂት በጥቂቱ በየቀኑ ሲሆንም ይጎዳል። የእኛ ቁሌት ደግሞ ሽንኩርት ነው። የተቀቀለ አጥንት ስለሚሰነጠር አንጀት ይወጋል። የሻገተ እንጀራ «ለውሻው» ተብሎ መቀመጡም ቀረ፤ የሻጋታ መርዝ ለእሱም መርዝ ነው። እናቴ አሁን ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ካሮትና ድንች ቀቅላ ትለይለታለች፤ እንዲህ ያለው ጭማሪ ከዕለት ምግቡ 10 በመቶ እስካላለፈ ድረስ ሚዛኑን አያዛባም። በሁዳዴ ልኳንዳ ቤቱ ሲዘጋም የእሱ ምግብ አይለወጥም።

በበዓል ግን እለምናችኋለሁ፦ በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አትወርውሩ። ብዙ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የሚመስል ነገር እናያለን፤ ያ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ተውሳክ እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ፀጉሩ፣ ከፀጉሩ ወደ ልጆች እጅ ይሄዳል። ሰው ላይ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ፊኛ ይሠራል፤ ማውጣቱም ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። እኛ ቤት እንዲህ ያለው ይቃጠላል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል። ቦቢም ፕራዚኳንቴል ያለበትን የትል መድኃኒት ሐኪሟ ባወጣችለት ፕሮግራም ይወስዳል።

ከረጢት መግዛት የማይችሉ ብዙ ሰዎች ይጠይቁኛል። አዋቂ ውሻ በቤት ምግብ ሊኖር ይችላል፤ ግን በዘፈቀደ አይሆንም። በ2013 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች 200 የቤት አሠራሮችን መርምረው 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ወሳኝ ንጥረ ነገር እንደሚጎድላቸው አግኝተዋል። ለጎረቤቶቼ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ያልሻገተ ድርቆሽ ወይም ሩዝ፣ ጅማትና ስብ ያለው የበሰለ ቁርጥራጭ ሥጋ፣ ጉበት በትንሹ በሳምንት አንዴ፣ ካሮት ወይም ዱባ፣ ከሁሉም በላይ ተቀቅሎ ደርቆ እንደ ዱቄት የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 2 ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ ለ30 ኪሎ ውሻ በቀን ይበቃል። ዚንክ፣ መዳብና አንዳንድ ቫይታሚን አሁንም ሊጎድል ስለሚችል ዝርዝሩን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ቡችላ ላላችሁ ግን ይህ መንገድ አይሆንም፤ ከሌላ ወጪ ቀንሳችሁም ቢሆን አጥንቱ እስኪጠና ድረስ የቡችላ ሙሉ ምግብ ግዙለት።