ማሾን በኮርድ ልፈታው ስል

አጀማመሬ የሞኝ ነበር። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የዜማ ደራሲ የጊዮም ደ ማሾን አንድ ባላድ (የዘመኑ የዘፈን ዓይነት) ኖታ አወጣሁና፣ ለዛሬ ዘፈን እንደማደርገው ከየምቱ ሥር የኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ስም መጻፍ ያዝኩ። ላ ማይነር፣ ሶል ሜጀር፣ ከዚያ ስም የለሽ ነገር። ገጹን ሳልጨርስ ወረቀቱ በጥያቄ ምልክት ተሞላ። ማሾ የሞተው በ1377 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ የምፈልገው የኮርድ ሕግ ደግሞ ከሱ ብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ነው። ሰውዬውን ባልሰማው ሕግ ነበር የምዳኘው።

በማግስቱ ላጲስ ይዤ ተቀመጥኩ። ከሦስቱ ድምፆች ኮንትራቴነሩን (ቴነሩን የሚያጅበውን) በወረቀት ሸፈንኩት፤ ካንቱስ (የላይኛው ዜማ) እና ቴነር (መሠረቱ) ብቻ ቀሩ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ ሁለቱን ጫፍ ኖታዎች ጨምሬ እየቆጠርኩ፣ በቁጥር ጻፍኩ፦ 5፣ 3፣ 6፣ 8። ያኔ ነገሩ ፍንትው አለ። በዚያ ዘመን 5 እና 8 ማረፊያ ናቸው። 3 እና 6 ይጥማሉ እንጂ አያሳርፉም፤ ወደ ሌላ ይገፋሉ። ለምሳሌ ሐረግ ሊዘጋ ሲል ቴነሩ ከሚ ወደ ሬ ይወርዳል፣ ካንቱሱ ከዶ ሻርፕ (በግማሽ ቶን ከፍ ካለ ዶ) ወደ ሬ ይወጣል። 6 ተከፍቶ 8 ሆነ። ወረቀቱን ሳነሳ ኮንትራቴነሩም ከሶል ሻርፕ ወደ ላ እየወጣ ነው። ሁለት ድምፅ አብሮ በግማሽ ቶን ሲሳብ መጀመሪያ ጆሮ ይቆረቁራል። (አሁን ሱስ ሆኖብኛል።)

ሻርፑ ግን ብዙ ጊዜ በእጅ ጽሑፉ ላይ የለም። ዘፋኙ በልማድ ይጨምረው ነበር። የዛሬ አሳታሚዎች ከኖታው በላይ በትንሹ ያስቀምጡታል፤ እኔ ማሾ ራሱ የጻፈው መስሎኝ ሁለት ሳምንት ስሳሳት ከረምኩ።

ከዚያ ልቤ አበጠና «መጨረሻዬ መጀመሪያዬ ነው» ወደሚለው ሮንዶው (ይህም የዘመኑ የዘፈን ዓይነት ነው) ሄድኩ። እዚያ ሁለቱ ድምፆች አንድ ዜማ ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ጀምሮ ይዘፍነዋል። ሦስተኛው እስከ መሀል ሄዶ በመጣበት ይመለሳል። ዘዴዬ እዚህ ጋ ተንገዳገደ። ከ6 ወደ 8 ማረፊያ ነው፤ ተገልብጦ ከ8 ወደ 6 ሲሆን ግን መነሻ እንጂ ማረፊያ አይሆንም። ስለዚህ ቁጥሮቹን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አነበብኳቸው። ዜማው ሲወጣ ያስፈለገው ሻርፕስ፣ ሲወርድ ይቀር ይሆን? አንዱን ቦታ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጻፍኩ። ወረቀቱ እዚያ ጋ ሳስቷል፤ ሻርፑ አሁንም በእርሳስ ነው።