የአዋቂዎች የማሰብ ችሎታ ፈተና ይጠቅማል ወይ? የምመዝንበት መንገድ

የፈተናውን መመሪያ ከመክፈቴ በፊት ውጤቱ የትኛውን ውሳኔ እንደሚያግዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። የአእምሮ እድገት ውስንነትን መለየት፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የቀረውን አቅም ማወቅና ሠራተኛ መምረጥ የሚጠይቁት ማስረጃ አንድ አይደለም። ለአንዱ የበቃ ፈተና ለሌላው ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የማነጻጸሪያ ናሙናው፣ ማለትም የተፈታኙ ውጤት የሚመዘንበት ቡድን፣ ይመጣል፦ እነማን ተፈተኑ? መቼ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አገሮች ውጤት በየ10 ዓመቱ 3 ነጥብ ገደማ ከፍ ሲል ቆይቷል። 20 ዓመት ያለፈው ማነጻጸሪያ እንግዲህ ተፈታኙን 6 ነጥብ ያህል ሊያስበልጠው ይችላል፤ ውስንነት አለ የሚባልበት መቁረጫ 70 ከሆነ ውሳኔው ሊገለበጥ ይችላል። የተተረጎመ ፈተና ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። የቃላት ንዑስ ፈተና (ከፈተናው ክፍሎች አንዱ) ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደረ ነው፤ ተፈታኙ የተወሰኑ ጥያቄዎችን በተከታታይ ከሳተ ፈታኙ ያቆማል። በትርጉም ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ከባዶቹ ወደ ፊት ይመጣሉ፤ ሰውየው የሚያውቃቸው ቃላት ጋ ሳይደርስ ፈተናው ያበቃል። ተርጓሚው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የየጥያቄው ክብደት በአዲሱ ቋንቋ ተናጋሪዎች እንደገና ካልተለካ ያንን ንዑስ ፈተና አልቆጥረውም።

የልኬት ስህተቱን ራሴ አሰላለሁ። አስተማማኝነቱን (ውጤቱ ምን ያህል ወጥ እንደሆነ ከ0 እስከ 1 የሚያሳየውን ቁጥር) ከ1 እቀንሳለሁ፣ የቀረውን ስኩዌር ሩት አወጣለሁ፣ በመደበኛ ልይይቱ (ውጤቶች ከአማካዩ በሚርቁበት መጠን) አባዛለሁ። በሰፊው የሚሠራበት የማሰብ ችሎታ ፈተና፣ የዌክስለር መለኪያ፣ አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱ 15 ነው። አስተማማኝነቱ 0.97 ሲሆን ስህተቱ 2.6 ነጥብ፣ የ95 በመቶ ክልሉም በግራና ቀኝ 5 ነጥብ ነው። 0.90 ሲሆን ግን ስህተቱ 4.7፣ ክልሉ 9 ይሆናል፤ 72 ያገኘ ሰው ከ63 እስከ 81 ያለውን ሁሉ ሊሆን ይችላል። (አሻሻጮች የሚያሳዩት የጠቅላላ ውጤቱን አስተማማኝነት ነው፤ የንዑስ ፈተናዎቹ ዝቅ ይላል።) ሁለት ውጤቶች ሲነጻጸሩ የስህተታቸው ስኩዌር ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ይወጣል፦ ሁለቱም 0.90 ከሆኑ ከ13 ነጥብ ያነሰ ልዩነት አልተረጉምም። ከዚያ ያለፈውም ቢሆን በጤነኞች ዘንድ ምን ያህል እንደሚዘወተር ሰንጠረዡን ሳላይ «ጉዳት» አልለውም።

ለመለያነት ከሆነ የችግሩን ስርጭት አስገባለሁ። ከ1,000 ሰዎች 20ው ችግሩ አለባቸው እንበል፤ ፈተናው ችግር ካለባቸው 90 በመቶውን፣ ከሌለባቸውም 90 በመቶውን በትክክል ይለያል። 18ቱን ይይዛል፤ ከ980ው ግን 98ቱን በስህተት ይጨምራል። ከተለዩት 116 ውስጥ እውነተኞቹ 16 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ይህ ፈተና ለቅድመ ማጣሪያ ሊያገለግል ይችላል፤ ለብቻው ግን ውሳኔ አይሸከምም።

ለቅጥር ሲሆን የፈተናውና የሥራ ውጤቱ ተዛምዶ (ምን ያህል አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ የሚያሳየው ቁጥር) 0.5 ከሆነ ከሥራ ውጤት ልዩነት የሚያብራራው 25 በመቶውን ነው። ጥናቱ የተሠራው አስቀድሞ ተመርጠው በተቀጠሩት ላይ ብቻ ከሆነ ግን ዝቅተኞቹ ስለሌሉበት ተዛምዶው ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ከሚነግሩን በላይ ምን እንደጨመረም አያለሁ፤ ምንም ካልጨመረ ሰዓት መፍጀት ነው።

ከሕክምና በፊትና በኋላ ለማነጻጸር ደግሞ የልምምድ ውጤት ያሳስታል። በአጭር ጊዜ የተደገመ ፈተና፣ በተለይ የቅርጽ ግጥጥሞሽና የፍጥነት ክፍሎቹ፣ ያለ ምንም ሕክምና ከፍ ይላሉ። ሕክምናውን ያላገኘ፣ በእኩል ጊዜ ልዩነት ሁለቴ የተፈተነ ቡድን ከሌለ ጭማሪውን መሻሻል ብዬ አልመዘግብም።