ከአሥሩ ሰከንድ በፊት የነበሩት ዓመታት፦ የማክስ ሆሎዌይን ታሪክ ለሬዲዮ እንዴት እንዳዘጋጀሁት

እሁድ ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ቤተሰቡ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ እኔ ስልኬን በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ላስ ቬጋስ ውስጥ የሚካሄደውን ዩኤፍሲ የተባለው የድብልቅ ማርሻል አርት ድርጅት ያዘጋጀውን የዩኤፍሲ 300 ውድድር እከታተል ነበር። የሃዋዩ ማክስ ሆሎዌይ ከአሪዞናው ጀስቲን ጌይቺ ጋር ያደርግ የነበረው ፍልሚያ አምስተኛ ዙር ሊያልቅ አሥር ሰከንድ ቀርቶታል። ሆሎዌይ በነጥብ እየመራ ስለነበር ራቅ ራቅ እያለ ሰዓቱን ማስጨረስ ይችል ነበር፤ እሱ ግን የሜዳውን መካከል በጣቱ አመለከተ። «ና፣ እዚሁ ይለይልን» ማለቱ ነበር። ሁለቱም ቆመው ቡጢ ተማዘዙ፤ ደወሉ ሊደወል አንድ ሰከንድ ሲቀረው ጌይቺ በግንባሩ ተደፋ።

በዚያው ሳምንት በምሠራበት የኤፍኤም ጣቢያ ስለዚህ ሰው የአንድ ሰዓት ዝግጅት ላቅርብ ብዬ ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልኝም። የመጀመሪያውን ጽሑፍ በሁለት ሌሊት ጨርሼ አስረከብሁ። ዛሬ ሳነበው ያሳፍረኛል። ግማሹ ስለ ባሕር ዳርቻና ስለ ዘንባባ ያወራል፤ የቀረው ያንኑ የመጨረሻ አሥር ሰከንድ በተለያየ ቅጽል እየደጋገመ ያሞግሳል። ሥራውን የሚያየው አርታኢ ግን ወደደውና ማሳጠር ብቻ እንደሚቀረው ነገረኝ፤ እንደ እሱ ሐሳብ አድማጭ የሚፈልገው ዝረራውን ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ይህ ሰው ያን ማድረግ እንደሚችል በምን እርግጠኛ ሆነ? ለዚህ ጥያቄ ከጽሑፌ ውስጥ አንድ መስመር መልስ አላገኘሁም።

ስለዚህ ጽሑፉን ትቼ አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። ሆሎዌይ ወደ ዩኤፍሲ ከገባ ጀምሮ እስከዚያች እሁድ ድረስ 29 ጊዜ ተፋልሟል፤ ሃያ ዘጠኙንም ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ አንዱንም ሳልዘል፣ በቅደም ተከተላቸው ለማየት ወሰንሁ። ለእያንዳንዱ ፍልሚያ አንድ ገጽ መደብሁ፤ በግራ በኩል ቀንና ቦታ፣ በመካከል በየዙሩ ያየሁትን፣ በቀኝ በኩል ደግሞ «ከዚህ በፊት የት አይቼዋለሁ?» የሚል ጠባብ ዓምድ አሰመርሁ። ሥራውን ያዳነው ያ ጠባብ ዓምድ ነው። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛሁ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ፍልሚያ እያየሁ፣ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የሰውየውን አገር በትክክል ማስቀመጥ ነበረብኝ። ሆሎዌይ የተወለደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991 በኦዋሁ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው ዋያናይ ነው፤ በዘሩ የሃዋይ ተወላጅና ሳሞአዊ ነው። ዋያናይ ቱሪስት የሚርመሰመስባት ዋይኪኪ አይደለችም። ተራራው ዝናቡን በወዲያ በኩል ስለሚያስቀረው ምድሯ ደረቅ ነው፤ የሃዋይ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩባት የሠራተኛ መንደር ናት። ልጁ ኪክቦክሲንግ የጀመረውም በዚያው ሲሆን፣ ስሙ ከገነነ በኋላ እንኳ ጓዙን ጠቅልሎ ላስ ቬጋስ ወይም ካሊፎርኒያ አልገባም። ዩኤፍሲ በሃዋይ ውድድር አዘጋጅቶ ስለማያውቅ ለእያንዳንዱ ፍልሚያ ውቅያኖስ ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል፤ በጣም ቅርቡ የአሜሪካ የብስ እንኳ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከሃዋይ የወጣ ታላቅ ተፋላሚ እሱ የመጀመሪያው አለመሆኑንም መጥቀስ ነበረብኝ። የሂሎው ቢጄ ፔን እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2008 በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወስዷል። የሆሎዌይ ቅጽል ስም ትርጉሙ «ብሩክ» ነው። በእኛ ሰፈር ብቻ አራት ብሩክ ስላለ ይህን በሬዲዮ ስናገር ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ሽንፈት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 የሃያ ዓመቱ ሆሎዌይ፣ በወቅቱ ከድርጅቱ ተፋላሚዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ሆኖ፣ ከደስቲን ፖይሪየር ጋር ተጋጠመ። ፖይሪየር መሬት ላይ ጥሎ፣ በእግሮቹ አንገቱንና ክንዱን ቆልፎ፣ በመጀመሪያው ዙር እጅ አሰጠው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በተከታታይ ሁለት ጊዜ በነጥብ ተሸነፈ፤ በመጀመሪያ በዴኒስ በርሙዴዝ፣ ከዚያም ቦስተን ላይ ገና ስሙ በመውጣት ላይ በነበረው በኮኖር ማክግሬገር። በመጀመሪያው ጽሑፌ እነዚህን ሦስት ሽንፈቶች «ከጥቂት መሰናክል በኋላ» በሚል አንድ ሐረግ አልፌያቸው ነበር። በተከታታይ ስመለከታቸው ግን መሰናክል ብቻ እንዳልነበሩ ገባኝ። ከማክግሬገር ፍልሚያ በኋላ ባሉት ገጾች በመካከለኛው ዓምድ ደጋግሜ የጻፍሁት «ሲይዙት አይደናገጥም፤ ወዲያው ይነሣል» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 እስከ ታኅሣሥ 2018 ድረስ 13 ጊዜ ተፋልሞ 13ቱንም አሸነፈ። በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 የሆዜ አልዶን የፌዘርዌይት (የ65.8 ኪሎ ሚዛን) ቀበቶ በገዛ አገሩ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ወሰደ፤ ከስድስት ወር በኋላም ዲትሮይት ላይ ደገመው። ሁለቱም ያበቁት በሦስተኛው ዙር ነው፤ ይህም አጋጣሚ አይመስለኝም። ሆሎዌይ በመጀመሪያው ዙር ይለካል፣ በሁለተኛው ያፋጥናል፣ በሦስተኛው ተጋጣሚው ትንፋሽ ሲያጥረው እሱ የቡጢውን ብዛት ይጨምራል።

ከሁሉ የደነገጥሁት ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሪካርዶ ላማስ ጋር ያደረገውን ፍልሚያ ሳይ ነው። በነጥብ እየመራ ነው። አሥር ሰከንድ ገደማ ሲቀረው የሜዳውን መካከል በጣቱ ያመለክታል። ላማስም ይቀበላል፤ ሁለቱም እግራቸውን ተክለው ደወል እስኪደወል ይማዘዛሉ። ቪዲዮውን አቁሜ ወደ ኋላ መለስሁት፤ ሦስት ጊዜ አየሁት። እኔ «ያልተጠበቀ እብደት» ብዬ የጻፍሁትን ሰውየው ከስምንት ዓመት በፊት አድርጎት ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም ስላልተዘረረ ነው ብዙ ሰው የረሳው። በቀኙ ጠባብ ዓምድ የመጀመሪያውን ረጅም ማስታወሻ የጻፍሁት በዚያ ሌሊት ነው። ጣቢያ ከገባሁ በኋላ ለአርታኢው የሁለቱን ፍልሚያ መጨረሻ ጎን ለጎን አሳየሁት፤ ስለ ማሳጠር ያለው ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

እ.ኤ.አ. 2018 የደብተሬ ባዶው ክፍል ነው፤ ነገር ግን ብዙ የተማርሁበት ዓመት እሱ ነው። ሆሎዌይ ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በ65.8 ኪሎ ይፋለም ነበር። ክብደት የሚለካው ከፍልሚያው አንድ ቀን በፊት ስለሆነ ተፋላሚዎች በመጨረሻዎቹ ቀናት በሙቅ ገላ መታጠቢያና በእንፋሎት ከሰውነታቸው ውኃ ያወጣሉ፤ ከሚዛኑ ከወረዱ በኋላ መልሰው ይጠጣሉ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ከሃቢብ ኑርማጎሜዶቭ ጋር በ70.3 ኪሎ እንዲፋለም በስድስት ቀን ማስታወቂያ ተጠርቶ ኒው ዮርክ ሄደ፤ ክብደት በሚለካበት ቀን የግዛቱ የስፖርት ኮሚሽን ሐኪሞች መቀነሱን እንዲያቆም ወስነው ከውድድሩ አገዱት። በሐምሌ ደግሞ ከብራያን ኦርቴጋ ጋር ሊፋለም ቀናት ሲቀሩት፣ የጭንቅላት ጉዳት የሚመስሉ ምልክቶች ስለታዩበት ወጣ። እኔ የፍልሚያ ቪዲዮ ብቻ ስቆጥር ይህን ሁሉ ዘልዬው ነበር፤ ምክንያቱም ያልተካሄደ ፍልሚያ ቪዲዮ የለውም። ከዚያ ወዲህ ለተሰረዙ ፍልሚያዎችም ገጽ እመድባለሁ። በታኅሣሥ ተመልሶ ኦርቴጋን ቶሮንቶ ላይ ሲገጥመው፣ ከአራተኛው ዙር በኋላ ሐኪሙ ኦርቴጋን እንዳይቀጥል ከለከለ። እነዚህን ሁለት ስረዛዎች ላላወቀ ሰው ያ ድል ከሌሎቹ የተለየ መስሎ አይታየውም።

ቁጥር ማመንን የተማርሁት ደግሞ በሽምብራ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 አቡ ዳቢ ላይ ካልቪን ኬተርን ሲያሸንፍ 445 ጠንካራ ምት ማሳረፉ በድርጅቱ ታሪክ ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። እኔም ቁጥሩን ላረጋግጥ ብዬ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሽምብራ ፊቴ አስቀምጬ፣ ምት ባረፈ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ባዶው ሳህን እያሻገርሁ ሁለተኛውን ዙር ተመለከትሁ። ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ፤ ሁለት የተለያየ ድምር አገኘሁ። ጋርድ ላይ የቀረ ቡጢ ይቆጠራል? ተቃቅፈው ሳሉ በስሱ የነካው የጎን ምትስ? በመዝጋቢዎቹ አሠራር ተቃቅፎ ወይም መሬት ላይ ሆኖ የሚሰነዘር ቀላል ምት ከጠንካራው ተለይቶ እንደሚቆጠር ያወቅሁት ሽምብራው ግራ ካጋባኝ በኋላ ነው። ስለዚህ በዝግጅቱ «445 ቡጢ» ከማለት ይልቅ «445 ጠንካራ ምት» አልሁ፤ እርግጫና ክርንም አለበትና። በዚያው ፍልሚያ ሆሎዌይ ከተጋጣሚው ቡጢ እየሸሸ ፊቱን ወደ ተንታኞቹ አዙሮ የድርጅቱ ምርጥ ቦክሰኛ እሱ መሆኑን ሲነግራቸው፣ እኔ ሳቅ ብዬ ሽምብራ ማሻገሩን ረሳሁ።

የዳኝነቱ ነገር ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 አሌክሳንደር ቮልካኖቭስኪ ሆሎዌይን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፈው ሦስቱ ዳኞች አልተስማሙም፤ ሁለቱ 48 ለ47 ለቮልካኖቭስኪ፣ አንዱ 48 ለ47 ለሆሎዌይ ሰጡ። እኔና ታናሽ ወንድሜ የተንታኞቹን ድምፅ ዘግተን፣ የየዙሩን ነጥብ ሳንተያይ በወረቀት ጻፍን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የሆሎዌይ መሆናቸው አላከራከረንም፤ በሁለቱም ተጋጣሚውን ከመሬት አገናኝቷል። ቀሪዎቹን ሦስት ዙሮች ወንድሜ በሙሉ ለቮልካኖቭስኪ ሰጠ፤ እኔ አንዱን ለሆሎዌይ ሰጠሁ። ስንከራከር እስከ እኩለ ሌሊት ቆየን። በደንቡ መሠረት ዳኛው ቅድሚያ የሚሰጠው ውጤት ላመጣ ምትና ትግል ነው፤ ወደፊት መግፋትና ሜዳውን መቆጣጠር የሚታዩት ያ እኩል ከሆነ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጽሑፌ «ተዘረፈ» የሚል ቃል ነበረ፤ ከወንድሜ ጋር ካደርሁበት ሌሊት በኋላ ሰረዝሁት። ዛሬም ለሆሎዌይ ነው የምሰጠው፤ ነገር ግን ወንድሜ የሰጠው ነጥብ ትክክል እንዳልሆነ ማስረዳት አልቻልሁም። ለዚህ ፍልሚያ ሆሎዌይ በወረርሽኙ ምክንያት ከአሠልጣኞቹ ጋር በቪዲዮ ጥሪ እየተገናኘ እንደተዘጋጀና ጭንቅላቱን ለማትረፍ የልምምድ ፍልሚያ ማድረግ እንደተወ ራሱ ተናግሯል። በጂሞቻችን በየሳምንቱ አርብ ልጆች ያለ ጭንቅላት መከላከያ ሲደባደቡ ያየ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ዝግጅቱ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተላለፈ። ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ አዛውንት ስልክ ደወሉ፤ የትግል አሠልጣኝ እንደነበሩ ነገሩኝ። «ልጄ፣ ዝግጅትህ ጥሩ ነው፤ ግን ነፃ ትግል ነፃ ትግል እያልህ የምታወራው ሌላ ስፖርት ነው። በነፃ ትግል ቡጢ የለም» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ነፃ ትግል የኦሊምፒኩ ስፖርት ነው፤ ይህኛው ቡጢን፣ እርግጫን፣ ትግልንና ጁጂትሱን የሚያቀላቅል ነው። እዚያው በቀጥታ ሥርጭት አመስግኜ አረምሁ፤ ከዚያ በኋላ «ድብልቅ ማርሻል አርት» እላለሁ። ሌላው ስሕተቴ የታወቀው ዘግይቶ ነው። «ይህ ሰው በዝረራ ተሸንፎ አያውቅም» ብዬ፣ ቀን ሳልጠቅስ፣ በሙሉ ልብ ተናግሬ ነበር፤ ሲተላለፍ እውነት ነበር። በሚቀጥለው ወር፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 2024፣ ኢልያ ቶፑሪያ አቡ ዳቢ ላይ በሦስተኛው ዙር ዘረረው። ከዚህም በላይ ቶፑሪያ የሜዳውን መካከል በማመልከት የጀመረው ገና በመጀመሪያው ዙር ሲሆን፣ የሆሎዌይን ምልክት መልሶ ለራሱ ለባለቤቱ ነበር ያሳየው። ወንድሜ የዝግጅቱን ቅጂ ልኮልኝ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ብቻ ጻፈበት።

ዝግጅቱ በድጋሚ ሲተላለፍ ያን ዓረፍተ ነገር ከቀን ጋር አስገባሁት፤ መክፈቻውንም ቀየርሁ። በፊት በጌይቺ መውደቅ ይጀምር የነበረው አሁን የሚጀምረው የሃያ ዓመቱ ልጅ በፖይሪየር እግሮች መካከል ተቆልፎ እጅ ሲሰጥ ነው። አርታኢው «በሽንፈት ማን ይጀምራል?» ብሎኝ ነበር፤ ተከራክሬ አሳመንሁት።

ደብተሩን ግን አልዘጋሁትም። ፖይሪየር በሚለው ስም ሥር ሁለት መስመር ነበር፤ አንዱ የ2012ቱ፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 አትላንታ ላይ ለጊዜያዊው የላይትዌይት (የ70.3 ኪሎ ሚዛን) ቀበቶ ሲፋለሙ ሆሎዌይ በነጥብ የተሸነፈበት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2025 ፖይሪየር በትውልድ ግዛቱ በሉዊዚያና፣ ኒው ኦርሊንስ ላይ፣ ሊሰናበት የመጨረሻ ፍልሚያውን አደረገ፤ ተጋጣሚው ሆሎዌይ ነበር። እሁድ ጠዋት ስልኩን በዚያው የስኳር ዕቃ ላይ አስደግፌ፣ ደብተሩን ከጎኔ ዘርግቼ ተመለከትሁ። አምስቱም ዙር ሄደ፤ ዳኞቹም ለሆሎዌይ ፈረዱ። በሦስተኛው መስመር ላይ ቀኑንና ቦታውን ጻፍሁ፤ በቀኙ ጠባብ ዓምድ ደግሞ «ገጽ 1 ተመልከት» አልሁ።