ለቮልሴ የሰራሁት የጌጅ ፓነል

ቮልስ የነዳ ሰው ያውቀዋል፣ ከመሪው ፊት ያለው አንድ ክብ ነገር ብቻ ነው። ፍጥነት፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሶስት ትንንሽ መብራት፣ አለቀ። የድሮዎቹማ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) የቤንዚን ጌጅ (መለኪያ) ራሱ አልነበራቸውም፣ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር በእግርህ ሪዘርቩን (የተጠባባቂውን ቤንዚን) ከፍተህ ማደያ እስክትደርስ መጸለይ ነው። ይሄን ቀላልነቷን እወደዋለሁ፣ ግን ሞተሩ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ራዲያተር የለ ውሃ የለ፣ ሙቀቱን የሚነግርህ ዘይቱ ብቻ ነው፣ እና ስለ ዘይቱ የምታውቀው አንዲት መብራት ስትበራ ነው። እሷም ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ካልወረደ አትበራም፣ ያኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልፏል።

ስለዚህ አራት ጌጅ ያለው ፓነል ሰራሁ፦ የዘይት ግፊት፣ የዘይት ሙቀት፣ ቮልት፣ አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር)። በቃ። ስምንት ዘጠኝ ጌጅ የደረደሩ ሰዎች አይቻለሁ፣ ሰዓት ምናምን ሳይቀር፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ እየነዳህ ግን ማንን ታያለህ? እኔ የመረጥኩት ሞተሩን ሊገድለው የሚችለውን ነው። አምፔር ጌጅ ያላስገባሁት ደግሞ የባትሪው ቻርጅ በሙሉ በወፍራም ሽቦ ዳሽቦርዱ ድረስ መጥቶ በጌጁ ውስጥ ማለፍ ስላለበት ነው፣ አንድ ቦታ ከላላ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ቮልቱ ይበቃል፣ ባትሪው አርፎ 12.6 አካባቢ፣ ሞተሩ በደንብ ሲዞር ወደ 14 ካሳየ ሰላም ነው። የድሮ ዳይናሞ ያለው ሰው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቮልቱ ሲወርድበት አይደንግጥ፣ ዳይናሞ በዝግታ ሲዞር እንደዛ ነው።

አርዱኢኖ (ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) በስክሪን ለምን አልሰራህም ያሉኝ አሉ። ይሰራል እኮ፣ ግን የመኪና ኤሌክትሪክ ንጹህ አይደለም፣ ባትሪው ቻርጅ እየተደረገ በድንገት ሽቦው ቢላቀቅ ቮልቱ ለአፍታ እስከ ብዙ አስር ቮልት ድረስ ሊዘል ይችላል፣ መከላከያ ካልሰራህለት ቺፑ ይሄዳል። ስክሪኑም ፀሐይ ሲያርፍበት አይታይም። ትልቁ ምክንያቴ ግን ቁጥርን ማንበብ አለብህ፣ ቀስትን ግን ማንበብ አያስፈልግህም፣ ቦታዋን ብቻ ነው የምታየው። ለዛ ነው ጌጆቹን ስገጥም እያንዳንዱን ያዞርኳቸው፣ ሞተሩ ሞቆ ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን አራቱም ቀስቶች ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዲያዩ። የውድድር መኪና ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ነው። ቁጥሮቹ ስለዘመሙ ያየው ሁሉ "ጠማማ ነው" ይለኛል፣ ይበል፣ አንዷ ስትዘም ግን በዓይኔ ጫፍ አያታለሁ።

ፓነሉ ራሱ ቀላሉ ስራ ነው። በካርቶን ሰርቶ መሪው ላይ ተቀምጦ ማየት፣ ምክንያቱም የመሪው ክብ የቱን ጌጅ እንደሚሸፍን በልኬት ብቻ አይታወቅም፣ ከዛ 2 ሚሊ አሉሚኒየም፣ ለጌጆቹ 52 ሚሊ ቀዳዳ፣ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የማያንጸባርቅ ጥቁር ቀለም (የሚያብረቀርቅ ከቀባችሁ ማታ ማታ መስታወቱ ላይ ታዩታላችሁ)። ዋናውን ዳሽቦርድ አልበሳሁትም፣ ከስሩ ነው ያንጠለጠልኩት፣ በሁለት ቡሎንና በአንድ ሶኬት ይወልቃል። የድሮ መኪና ላሜራ የሚቆርጥ ሰው አይገባኝም።

ጉዱ ያለው ከኋላ ነው። ጌጅና ሴንሰር በኦም (በኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ) መስማማት አለባቸው፣ የቪ.ዲ.ኦ (የጀርመን ጌጅ ሰሪ) ዓይነቱ ከ10 እስከ 180 ኦም አካባቢ ነው የሚሰራው፣ ሌሎች ደግሞ ከ240 ወደ 33 የሚወርዱ አሉ፣ እነዚህን ካቀላቀልክ ቀስቷ በተቃራኒ ትሄዳለች። ሳትገጥም በፊት በሴንሰሩ ቦታ የ10 ኦም ረዚስተር አድርግና እይ፣ የግፊት ጌጁ ዜሮ ላይ ካረፈ ልክ ነው፣ ካላረፈ ሞተሩን መጠርጠር አያስፈልግም።

ከዛ ሴንሰሩ የሚጠብቅበት ጥርስ። የቮልስ የዘይት ቡልቦ (የዘይት መብራቷን የሚያበራው) ቀዳዳ ኤም 10 በ 1 (10 ሚሊ ውፍረት፣ 1 ሚሊ የጥርስ ርቀት) ነው፣ ገበያ ላይ ብዙው ሴንሰር ግን አንድ ስምንተኛ ኤን.ፒ.ቲ (የአሜሪካ የቧንቧ ጥርስ) ነው፣ ሁለቱ በጣም ስለሚቀራረቡ መጀመሪያ ላይ በእጅህ ይገባልሃል፣ ልክ ይመስልሃል፣ ስታጠብቀው ግን ጥርሱን ይበላዋል፣ የሞተሩ ቤት ደግሞ ማግኒዚየም ስለሆነ ለስላሳ ነው። አዳፕተር ግዙ። ትልቁን ሴንሰርም በቀጥታ ሞተሩ ላይ አታንጠልጥሉት፣ ከባድ ስለሆነ በንዝረት አንገቱን ይሰብረዋል፣ እኔ በአጭር ሆዝ አውጥቼ ቦዲው ላይ አሰርኩት፣ በቲ (ሦስት አፍ ባለው መገጣጠሚያ) ከፍዬ ደግሞ የድሮዋን ቡልቦ እዛው ተውኳት ምክንያቱም መብራት ይጠራሃል፣ ጌጅ ግን አንተ ካላየኸው አይጠራህም። ሆዝ ላይ ያለ ሴንሰር ከሞተሩ ጋር ስለተለያየ ኔጌቲቭ አያገኝም፣ ለብቻው ሽቦ ይፈልጋል። ቴፍሎን አብዝቶ የጠቀለለም እንደዛው ኔጌቲቩን ሊቆርጥበት ይችላል። ጌጅ ተበላሸብኝ ከሚል ሰው ጋር ስገናኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ኔጌቲቩን ነው፣ አብዛኛው እዛው ያልቃል።

ለአርፒኤሙ ከቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት ከሚሰጠው) ኔጌቲቭ አንድ ሽቦ ወደፊት መጎተት ነው፣ ማስተካከያውን 4 ሲሊንደር ላይ አድርጉት፣ 8 ላይ ከሆነ ግማሹን ነው የሚያሳየው። ሁሉም ጌጅ ከቁልፉ በኋላ በ3 አምፔር ፊውዝ በኩል።

ቀይዋን የቻርጅ መብራት ግን እንዳትነኳት፣ ቮልት ጌጅ ስላለኝ አታስፈልግም እንዳትሉ። ዳይናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የማቀዝቀዣውን ፋንም ያዞራል፣ ስለዚህ እየነዳህ ከበራች ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ማለት ሞተሩ አየር እያገኘ አይደለም፣ ወዲያው ቁም። አልተርኔተር የቀየራችሁ ደግሞ አምፖሏን በኤል.ኢ.ዲ አትተኩ፣ አልተርኔተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ከረንት የሚያልፈው በእሷ ነው፣ በኤል.ኢ.ዲ በቂ አያልፍም፣ ቻርጅ ሳያደርግ ሊቀር ይችላል።

አሁን ዳገት ስወጣ የዘይቱ ሙቀት ከ90 ተነስቶ ወደ 110 ሲሄድ አያለሁ፣ 120ን ከነካ ማርሽ ቀንሼ ፍጥነትም ቀንሼ ፋኑ እንዲነፋ አደርጋለሁ። ግፊቱ በ2500 ዙር ሞቆም ከ2 ባር በላይ ነው፣ ሚኒሞ ላይ ይወርዳል፣ በዚህ ዕድሜዋ አልከሳትም። የፍጥነቱን ጌጅ አልነካሁትም፣ ገመዱ ከፊት ግራ ጎማ ነው የሚመጣው፣ ግን የፊት ጎማውን መጠን ከቀየራችሁ የሚያሳየው ፍጥነት እንደሚሳሳት አትርሱ።