ሳማ በነሐሴ፣ ቀጋ በኅዳር

ባለፈው ነሐሴ የፍልሰታን ጾም ለመያዝ ልጄን አስከትዬ ከባሕር ዳር ወደ ፋርጣ ወጣሁ። አያቴ የኖረችበት ቤት አሁን የአክስቴ ነው። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት የጉና ጉም እስከ ደጃፉ የሚወርድበት ቦታ። በደረስን ማግሥት አክስቴ ወረንጦዋንና እንቅቧን ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ ልጄ ተከተለቻት። ብዙም ሳይቆይ ጩኸቷ ተሰማ። እጇን ሳማ ለብልቧታል። እኔም በእሷ ዕድሜ፣ እዚያው ካብ ሥር፣ እንዲሁ ጮኼ ነበር። ያኔ አያቴ፣ እምዬ እንላት ነበር፣ አመድ ነስንሳ እያሸችልኝ «ሳማ ፈሪን ነው የሚለበልበው፤ ያዝ ካደረግሽው ይተውሻል» አለችኝ። አመዱ ይርዳ አይርዳ እንጃ፤ የእጇ ሙቀት ግን ረድቶኛል።

ያደግሁት ደራ ነው፣ ወይና ደጋው ላይ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ክረምቱን እምዬ ዘንድ ደጋ እንላክ ስለነበር፣ የዱር ምግብን ሁለት ቦታ ተማርኩት ማለት ይቻላል። ሳማን ከእሷ፣ ሌላውን ሁሉ ከደራ እረኞች።

ሳማ ሰው ባለበት የሚበቅል ነገር ነው። ፍግ የወደቀበት፣ በረት የነበረበት፣ የፈረሰ ቤት ግድግዳ ሥር ይወዳል። ይህ የእኛ ደገኛ ሳማ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ እንደማይገኝ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ስሰማ ደረቴ ነፋ። እምዬ ግን ስለ ሳማ ደንብ ነበራት። ጫፉን፣ ለጋውን ቀንበጥ ብቻ ነው የምትቆነጥጠው። አበባ ካወጣ አትነካውም፤ ሻክሯል ትላለች። ሰው ከሚጸዳዳበት አጠገብ የበቀለውን ዓይኗም አያየው። ከአንድ ሥር ሁሉንም አትጨርስም፤ ጫፉ የተቀነጠበ ሳማ በጎንና በጎኑ ስለሚያቆጠቁጥ በሳምንቱ ተመልሳ ትመጣበታለች።

አሠራሩን አክስቴ አልለወጠችውም። የተቆነጠጠውን ሳማ እንቅቡ ውስጥ እንዳለ በዱላ ጫፍ ታሸዋለች። ከዚያ የፈላ ውኃ ስትቸልስበት ያ ሁሉ ቁጣው በአንድ ጊዜ ይበርዳል፤ ቅጠሉ ይለሰልስና እንደ ጎመን በእጅ ይያዛል። ደቅቆ ይከተፋል፣ ድስት ውስጥ በነጭ ሽንኩርትና በጨው ይበስላል፣ ከዚያ የገብስ ዱቄት ትንሽ ትንሽ እየተነሰነሰ ይማሰላል። ማማሰያው ከበድ ሲል፣ አረንጓዴው ወደ ጥቁርነት ሲያደላ፣ ደርሷል ማለት ነው። ሽታው ዝናብ የመታው አፈርና የተቆላ ገብስ አንድ ላይ የሆነ ነው። ልጄ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ከቅዳሴ ተመልሰን ከሰዓት በኋላ በገብስ እንጀራ ሲቀርብ ግን ከእኔ ፊት ሳይቀር ስባ በላች። የለበለባት ጣቷ ገና ቀይ ነበር።

አንድ ነገር ልናገር፣ ስላንገበገበኝ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ባሕር ዳር፣ የምሰፋበት ሱቅ ውስጥ ሳማ እንደምወድ ሳወራ አንዲት ደንበኛ «ምን ቸግሯችሁ?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። የ1977ቱን ረሃብ ያዩ ሰዎች ሳማ ሲባል ያ ዘመን ነው የሚመጣባቸው፤ በላዩ የሞተባቸው አለ፣ ልፍረድባቸው አልችልም። እምዬም ያን ዓመት አይታለች፤ ስለዚያ ብዙ አታወራም ነበር። ግን እምዬ ሳማ የምትሠራው ጎተራው ሙሉ በሆነበት ዓመትም ነበር። ሐምሌ ሲገባ ይናፍቃታል፤ ናፍቆቷ የጎደለን ለመሙላት አልነበረም። ወቅቱ ስለደረሰ ነው። እንደ እሸት፣ እንደ አደይ። ይህን ልዩነት ሳናስተምር ልጆቻችን ሳማን የድህነት ስም ብቻ አድርገው እንዳይይዙት እፈራለሁ። በብረትና በካልሲየም የታወቀ ቅጠል በአጥራችን ሥር እየበሰበሰ ልጆቻችንን ለደም ማነስ ሽሮፕ ስንገዛላቸው ያመኛል።

ከእምዬ የተማርኩት አለመንካትንም ጭምር ነው። ክረምት ላይ ከፍግ ክምር ላይ ነጭ የሚፈነዳውን ሁሉ «የጅብ ጥላ ነው» ብላ ታሳልፈናለች። የሚበላ እንጉዳይ እንዳለ ታውቃለች፤ ግን እርግጠኛ ያልሆነችበትን አንስታ አታውቅም። እኔም እስከ ዛሬ እንጉዳይ ከሜዳ ለቅሜ አልበላሁም፤ ማንንም አልመክርም።

ወደ ደራ ስንመለስ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አጋሙ ይጠብቀናል። አጋም ሲቀላ ያታልላል፤ መብላት ያለበት ጠቁሮ፣ ሲነኩት ለስለስ ሲል ነው። ቀድመው ከቆረጡት ነጭ ወተቱ ከንፈር ላይ ይጣበቅና ቀኑን ሙሉ አፍ እንደ ሙጫ ይሆናል። እሾሁ ደግሞ ወደ ውስጥ ለሚገባ እጅ አይራራም። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚባለውን ተረት ያኔ ቃል በቃል አይተነዋል፤ የቤታችን አጥር አጋምና ቁልቋል ነበር፣ ነፋስ ሲመጣ አጋሙ ይወጋዋል፣ ቁልቋሉ ነጭ ዕንባውን ያፈሳል።

በጥቅምትና በኅዳር ሁለት ነገር አለ፣ ጣዝማና ቀጋ።

ጣዝማን የሚያገኘው ታላቅ ወንድሜ ነበር። እኔ መቶ ጊዜ ባልፍበት የማላየውን ቀዳዳ እሱ ከብት እየጠበቀ በሆዱ ተኝቶ ያየዋል። ጣዝማ ትንኝ የምታህል የንብ ዘር ናት፣ አትናደፍም፤ መሬት ላይ ያለው በሯ ከስንደዶ ወፍራም አይደለም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ሲገቡ ሲወጡ በብርሃኑ ይታያሉ። ወንድሜ ቀጭን ሰንበሌጥ በቀዳዳው ቀስ አድርጎ ይሰድና እሱን እየተከተለ ይቆፍራል፤ ሰንበሌጡ ከጠፋ አፈር ይገባበትና መንገዱ ጠፋ ማለት ነው። አንድ ቀን ክንዱ እስከ ትከሻው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ ጉንጩ መሬት ነክቶ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ «አገኘሁት» ሲል አስታውሳለሁ። ማሩ እንደ ወይን ዘለላ በተያያዙ ትንንሽ የሰም ከረጢቶች ውስጥ ነው ያለው። ቀጭን ነው፣ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ጣፋጭነቱ ውስጥ ኮምጠጥ ያለ ነገር አለው። አንድ ብርጭቆ አይሞላም ነበር ያገኘነው፤ እናቴ ግማሹን ለሳል ብላ ደበቀችው። አሁን ሳስበው ልቤ ይከፈላል፤ እኛ ያንን ስንቆፍር የጣዝማዋ ቤት ይፈርሳል። ዛሬ ገበያ ላይ ከተራ ማር በብዙ እጥፍ ስለሚሸጥ የሚቆፍረው በዝቷል፣ በቀፎ የሚያለምዳት ግን ጥቂት ነው። ልጄ እንድታየው እፈልጋለሁ፣ እንድትቆፍረው አልፈልግም።

ቀጋ ግን የማንንም ቤት አያፈርስም። ክረምት መጨረሻ ላይ ነጭ አበባው የሚፈካው ያ እሾሃም ጽጌረዳ ነው፤ ኅዳር ላይ ፍሬው ብርቱካናማ ሆኖ ይቀላል። አበላሉን ያላወቀ ይቀጣል፤ ውስጡ ፍሬዎቹን የከበበ ጸጉር አለ፣ ከተዋጠ ጉሮሮን ይፍቃል። በጥፍር ለሁለት ከፍሎ፣ ውስጡን በአውራ ጣት ጠርጎ አራግፎ፣ ቆዳውን ብቻ ነው የሚበላው። አንዱን ለማዘጋጀት የሚወስደው ጊዜ ከሚበላበት ጊዜ አምስት እጥፍ ነው። ለእረኛ ግን ጊዜ ሞልቶታል።

ከዚያ በጋው ይደርቃል። የካቲት ላይ ዋንዛው ቢጫ ፍሬውን ያራግፋል፤ ሥጋው የሚዝለገለግ ጣፋጭ ነው፣ እኛ ግን ግማሹን በልተን በግማሹ የተቀደደ ደብተር እንለጥፍበት ነበር። አንደኛ ክፍል የተማርኩበት ደብተር ሽፋን በዋንዛ የተለጠፈ ነው፣ እናቴ ሳጥን ውስጥ አሁንም አለ። ሾላ ሲገኝ ደግሞ ገምሶ ማየት ግድ ነው፤ ውስጡ ትንንሽ ነፍሳት አይጠፉም፣ እፍ ብሎ አራግፎ ነው። ዶቅማ ለምላስ ሐምራዊ ቀለም፣ እንኮይ ጥርስ የሚያጠርስ ኮምጣጣ።

አባቴ ከአሥር ዓመት በፊት ያንን የአጋም አጥር መንጥሮ ባሕር ዛፍ ተከለ። በምኒልክ ዘመን የመጣ ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ይሸጣል፣ የታናሼ የትምህርት ወጪ ከእሱ ነው የወጣው። አልቆጣውም። ግን ሥሩ ምንም አይበቅልም፣ ልጅም አይቆምበትም። አሁን እንኮይና ዶቅማ የማገኘው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። የደቡብ ጎንደርን የሳተላይት ፎቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በተራቆተው እርሻ መሃል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደን ነው። የደብሩን ቄስ ስጠይቃቸው «የወደቀውን ልቀሚ፣ ቅርንጫፉን አትጎትቺ» ይሉኛል። የእምዬ ሕግም ይኸው ነበር።

ትናንት እናቴ ደውላ ነበር። ከቅጥሩ ኋላ ያለው ቀጋ አበባው ብዙ እንደነበረ፣ ዝናቡም በጊዜው እንደወጣ ነገረችኝ። ልጄ ከጎኔ ሆና ሰምታ «እኔም እመጣለሁ፣ የራሴ ዕቃ ስጪኝ» አለች። የቀጋ እሾህ ስስ ጨርቅ ይቀድዳል። ማታ ሱቁን ስዘጋ ከተረፈ የድንኳን ሸራ ላይ ቆርጬ፣ ሁለት ጊዜ ደርቤ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ከረጢት ሰፋሁላት። ማሰሪያው ገና ይቀራል።